ጋቢ የሚያስለብስ የሰርቨር ክፍል፦ የማቀዝቀዣ ወጪን ደረጃ በደረጃ መቀነስ

ጋቢው የተሰቀለው ከሰርቨር ክፍሉ በር ጀርባ ነው። ቁልፍ የሚይዘው ልጅ ሲገባ ይደርበዋል፣ ሲወጣ መልሶ ይሰቅለዋል። ቦታው ደብረ ማርቆስ፣ ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ሦስት ኤሲ 16 ዲግሪ ላይ ተደርጎ ቀን ከሌት ይነፍሳል። እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ሰርቨሮቹ የተደረደሩበት የብረት መደርደሪያ (ራኩ) አናት ላይ ያለው ሰርቨር ደግሞ «ሞቀኝ» እያለ ይጮሃል። እኔን የጠሩኝ አራተኛው ኤሲ የት ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀል እንዳሳያቸው ነው።

አራተኛው አልተገዛም። ሦስተኛውም አሁን ተጠባባቂ ሆኗል። ከሠራነው ሥራ አብዛኛው መቀስ፣ ላሜራና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የጠየቀ ነው።

ጎጃም ውስጥ ብርድ አጥሮን አያውቅም። የሚያጥረን ብርዱ ሰርቨሩ አፍ ድረስ የሚሄድበት፣ ሙቀቱም ሳይመለስ የሚወጣበት መንገድ ነው። መንገዱ ካልተሠራ አምስተኛም ስድስተኛም ኤሲ ቢጨመር ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው። ከዚህ በታች ያለው ከአንድ እስከ አሥር ራክ ላለው ክፍል የሚሆን ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ የባንክ ዲስትሪክት፣ ሆስፒታል፣ የመንግሥት ቢሮ። ትልልቆቹ የዳታ ማዕከሎችም የሚሄዱበት መንገድ ያው ነው፤ ዕቃው ብቻ ይወደዳል።

ቅደም ተከተሉን አታዘበራርቁት። አየር የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ሳትደፍኑ ሙቀት ከፍ ካደረጋችሁ ሰርቨር ታቃጥላላችሁ።

1. መጀመሪያ መለካት

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። ሁለት ቁጥር ያስፈልጋችኋል።

አንዱ ሰርቨሮቹና ኔትወርክ ዕቃው ራሳቸው የሚበሉት ኃይል ነው። እሱን ዩፒኤሱ፣ መብራት ሲጠፋ ሰርቨሮቹን በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ፣ ስክሪኑ ላይ ይነግራችኋል፤ የውጤት ጭነት በኪሎ ዋት የሚለውን አንብቡ። ሁለተኛው ክፍሉ ከነኤሲው፣ ከነዩፒኤሱ፣ ከነአምፖሉ የሚበላው ጠቅላላ ነው። ለዚህ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ክፍሉን በሚመግበው መስመር ላይ ለብቻው ቆጣሪ አስገቡ። ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቁጠር። ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ከላይ ቆንጥጦ የሚለካውን) ይዛችሁ አንዴ ለክታችሁ አትሂዱ። የኤሲ ኮምፕረሰር ይነሳል ይተኛል፤ በተኛበት ደቂቃ ከለካችሁት ራሳችሁን ትሸውዳላችሁ።

ከዚያ ጠቅላላውን ለሰርቨሮቹ ኃይል አካፍሉት። በሙያው ፒዩኢ የሚባለው ይኼ ነው። ሰርቨሮቹ 6 ኪሎ ዋት፣ ክፍሉ በጠቅላላ 11.4 ኪሎ ዋት ይበላሉ እንበል። 11.4 ለ6 ሲካፈል 1.9 ነው። ሰርቨሩ የ1 ብር መብራት ሲበላ፣ ክፍሉ 90 ሳንቲም ጨምሮ ይበላል ማለት ነው። ይህን ወደ 1.4 ካወረዳችሁት በየሰዓቱ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ይተርፋል። ዓመቱን ሙሉ ሲሆን 26,280 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። በምትከፍሉት ታሪፍ አባዙትና ለአለቃችሁ ውሰዱለት። አለቃ ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይገባውም፤ ብር ይገባዋል።

ሙቀቱንም ለኩ፤ ግን ግድግዳ ላይ አይሁን። ግድግዳ ላይ ያለ ቴርሞሜትር የሚያውቀው የግድግዳውን ሙቀት ነው። ከእያንዳንዱ ራክ ፊት ለፊት፣ ሰርቨሩ አየር በሚስብበት በኩል፣ ከታች፣ ከመሀልና ከላይ ሦስት ርካሽ ዲጂታል ቴርሞሜትር ስቀሉ። ዘመናዊ ሰርቨሮች የመግቢያ ሙቀታቸውን ራሳቸው ይናገራሉ። የኤችፒ ከሆነ አይሎ፣ የዴል ከሆነ አይድራክ በሚባለው የሰርቨሩ መቆጣጠሪያ ውስጥ ታገኙታላችሁ። አሽሬ የተባለው የአሜሪካ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር የሚመክረው የመግቢያ ሙቀት ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ነው። የዚያ የማርቆሱ ራክ ከታች 15፣ ከላይ 34 ነበር። ክፍሉ ያው አንድ ክፍል ነው። ልጁን ጋቢ ያስለበሰው እግሩ ሥር ያለው 15 ነው፤ ሰርቨሩን ያስጮኸው አናቱ ላይ ያለው 34።

2. አየሩ የት እንደሚሄድ በሶፍት ማየት

ይኼ ደረጃ ምንም ወጪ የለውም፤ እኔ ደግሞ ከሁሉ የምወደው ነው። አንድ ቅጠል ሶፍት ውሰዱና በቀጭኑ ቅደዱት። ጫፉን ይዛችሁ ራኩ ፊት ላይ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብላችሁ አንቀሳቅሱት።

ሰርቨር ባለበት ቦታ ሶፍቱ ወደ ውስጥ መሳብ አለበት። ባዶ ቦታ ላይ ስትደርሱ ግን ብዙ ጊዜ ወደ እናንተ ይገፋል። እጃችሁን ስታስጠጉ ደግሞ ሙቅ ነው። ያ ሙቀት ከሰርቨሩ ጀርባ ወጥቶ በባዶው ቦታ አልፎ ወደ ፊት የተመለሰ አየር ነው። ላይኛው ሰርቨር የሚተነፍሰው የታችኛውን ትንፋሽ ነው። በየትኛው ቀዳዳ እንደሚገፋ በማርከር ምልክት እያደረጋችሁ ሂዱ። በራኩ ጎንና ጎን፣ ከሥሩ፣ ኬብል በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ሞክሩት። ከፍ ያለ ወለል ያለው ክፍል ከሆነ ደግሞ ቀዳዳ ያላቸው የወለል ሰሌዳዎች ከራኩ ፊት ብቻ መሆናቸውን እዩ። ከራኩ ጀርባ የተቀመጠ አንድ ቀዳዳ ሰሌዳ ቀዝቃዛውን አየር ለማንም ሳይጠቅም ወደ ኤሲው ይመልሰዋል።

3. መምረግ

አገር ቤት ግድግዳው ሲሰነጠቅና ብርድ ሲገባ እሳት አይጨመርም፤ ግድግዳው ይመረጋል። እዚህም ነገሩ እንደዚያው ነው።

ራኩ ላይ ሰርቨር የሌለበትን ቦታ ሁሉ ሸፍኑ። ሻጮቹ ብላንክ ፓነል የሚሉት አለ፤ ገፋ አድርጋችሁ የምትሰኩት ፕላስቲክ ነው። ካላገኛችሁ ላሜራ በልኩ አስቆርጣችሁ፣ ጠርዙን አሞርዳችሁ፣ በራኩ ብሎን እሰሩት። ለሙከራ አንድ ቀን ካርቶን ልትጠቀሙ ትችላላችሁ። ለዘለቄታው ግን ካርቶን አይሆንም፤ ይቀጣጠላል፣ ብናኙም ሰርቨሩ ውስጥ ይገባል።

ኬብል የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች በብሩሽ መዝጊያ ወይም እሳት በማያቀጣጥል ስፖንጅ ዝጉ። በራኩና በራኩ መሀል ያለውን ክፍተት፣ ከራኩ ሥር ያለውን ክፍተት፣ ሁሉንም። ራኩ ጀርባ ላይ እንደ ወይራ ሥር የተጠላለፈው ኬብልም ሙቀቱን እንዳይወጣ ያፍነዋል፤ ወደ ጎን አስራችሁ መንገዱን ክፈቱለት።

ስትጨርሱ ሶፍቱን መልሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ቴርሞሜትሮቹንም ከአንድ ሰዓት በኋላ አንብቡ። ከታችና ከላይ ያለው ልዩነት ከ3 ወይም ከ4 ዲግሪ ካልበለጠ ጥሩ ሠርታችኋል። ካልወረደ ያልደፈናችሁት ቀዳዳ አለ።

4. አክንባሎውን መክደን

እንጀራ ያለ አክንባሎ የሚጋግር ሰው የለም። ሙቀቱ በሚፈለግበት ቦታ እንዲቆይ ክዳን ያስፈልገዋል። የሰርቨር ክፍል ውስጥ የምንከድነው ሙቀቱን ወይም ቅዝቃዜውን ነው፤ ዋናው እንዳይገናኙ ነው።

ሁለትና ከዚያ በላይ ረድፍ ራክ ካላችሁ ፊትና ፊት ይተያዩ፣ ጀርባና ጀርባ ይስጡ። ፊቶቹ የሚተያዩበት ቀዝቃዛ መተላለፊያ ይሆናል፤ ጀርባዎቹ የሚተያዩበት ሙቅ። ሁሉም እንደ ተማሪ ዴስክ ወደ አንድ አቅጣጫ ከዞሩ የኋለኛው ረድፍ የፊተኛውን ሙቀት ይጠጣል። ራክ ማዞር ሰርቨር ማጥፋት ይጠይቃልና ለእሑድ ሌሊት አቅዱት።

ከዚያ አንዱን መተላለፊያ ክደኑ። ከጫፉ ወፍራም የላስቲክ መጋረጃ፣ ከላይ እስከ ኮርኒስ ድረስ መሙያ። ላስቲኩ እሳት የማያቀጣጥል ዓይነት መሆኑን ስትገዙ ጠይቁ። ጭስ ጠቋሚው ከክዳኑ ውጭ ከቀረ ሌላ አስገቡ። ይህን ችላ ብሎ ያለፈ ሰው አውቃለሁ፤ እሳት ስላልተነሳ ብቻ ነው ጎበዝ የተባለው።

አንድ ራክ ብቻ ካላችሁ መጋረጃው ከራኩ ግራና ቀኝ ወደ ግድግዳው ይሂድ፤ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። ፊት ያለው ግማሽ ቀዝቃዛ ነው፣ ጀርባው ሙቅ። ኤሲው ሙቁን አየር ከጀርባ ስቦ ቀዝቃዛውን ወደ ፊት እንዲሰጥ ቦታውን አስተካክሉ። የግድግዳ ኤሲ ከሚስብበት ከዚያው አካባቢ ስለሚተፋ አንዳንዴ በኮምፔንሳቶ ወይም በላሜራ መምሪያ መሥራት ግድ ይላል። መልኩ አያምርም። ይሠራል።

5. ሪሞቱን መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ

አሁን ነው ሙቀቱን ከፍ የምታደርጉት። በሳምንት አንድ ዲግሪ። በአንድ ቀን ከ16 ወደ 25 አትዝለሉ፤ ያልደፈናችሁት ቀዳዳ ያን ቀን ይታያል፣ የሚታየውም በተቃጠለ ዲስክ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የግድግዳ ኤሲ 24 ላይ ስትሉት የሚለካው ወደ ራሱ የሚመለሰውን አየር ነው፤ ሰርቨሩ አፍ ላይ ያለውን አያውቅም። ስለዚህ ዓይናችሁ ሪሞቱ ላይ አይሁን፤ ራኩ ላይ የሰቀላችኋቸው ቴርሞሜትሮች ላይ ይሁን። መተላለፊያው በደንብ ከተከደነ ኤሲው 28 ወይም 30 ዲግሪ አየር እየሳበ ሰርቨሩ 23 ሊያገኝ ይችላል። ኤሲ ደግሞ ሙቅ አየር ሲስብ ይወዳል፤ በዚያው ኮምፕረሰር ብዙ ሙቀት ያነሳል።

የት ማቆም ነው? እኔ ለጎጃም ደጋ ሰርቨሩ አፍ ላይ 24 ወይም 25 እላለሁ። አሽሬ 27 እያለ ለምን እዚያ? ሦስት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ ከ25 አካባቢ በላይ ብዙ ሰርቨሮች የራሳቸውን ፋን ያፈጥናሉ፤ ከኤሲው ያተረፋችሁትን ፋኑ ይበላዋል። ሁለተኛ፣ የዩፒኤስ ሊድ አሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ባትሪው እዚያው ክፍል ውስጥ ከሆነ የመብራቱን ትርፍ ለባትሪ ትከፍላላችሁ። ሦስተኛው ከፍታ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሙቀት የመሸከም አቅሙም ይቀንሳል። አምራቾች በተለምዶ ሰርቨሩ የሚችለውን ከፍተኛ ሙቀት ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሱለታል። 35 ዲግሪ ይችላል የተባለ ሰርቨር ባሕር ዳር፣ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ 32 ይሆናል። ደብረ ማርቆስ፣ ከ2,400 ሜትር በላይ፣ 30። ያልታሰበ ነገር ሲመጣ ያለችው መንቀሳቀሻ ጠባብ ናት።

ሪሞቱን ደግሞ ቆልፉበት። ቀልድ አይደለም። አንድ ሰው ከውጭ ከፀሐይ ገብቶ «ይሞቃል እኮ» ብሎ 18 ያደርገዋል፤ የሁለት ወር ሥራችሁ በአንድ ጣት ጠፋ።

6. ማሽኖቹ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። የኤሲ ፊልተር በየወሩ ይታጠብ። ከቤት ውጭ ያለው የኤሲው ክፍል ጥላ ያግኝ፣ ዙሪያውም ክፍት ይሁን። ሌባ እንዳይወስደው ተብሎ በቆርቆሮ ሣጥን የታሸገ የውጭ ክፍል ስንት አይቻለሁ! ሙቀቱን መልሶ መላልሶ ይተነፍሳል። ፍርግርግ ይበቃዋል። ርግብም ጎጆ ትሠራበታለች፤ በዓመት ሁለቴ እዩት።

እርጥበት የሚቆጣጠሩ ትልልቅ ማሽኖች ካሏችሁ፣ አንዱ እርጥበት ሲጨምር ሌላው ሲያደርቅ እንዳይገኝ ቅንብራቸውን አንድ አድርጉት። ሁለት ባሪያ አንዱ እየሞላ አንዱ እየደፋ እንደማለት ነው፤ መብራቱ ግን ከሁለቱም ይቆጠራል። ፋናቸው ፍጥነቱ የሚቀየር ከሆነ ደግሞ ቀንሱት። የፋን ኃይል የሚሄደው በፍጥነቱ ኩብ ስለሆነ፣ ፍጥነቱ ወደ 80 በመቶ ሲወርድ የሚበላው ኃይል ወደ ግማሽ ይወርዳል።

7. የጎጃምን ብርድ ወደ ውስጥ መጥራት

ከሁሉ የሚጣፍጠው ይኼ ነው። ደብረ ማርቆስ ሌሊት 10 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንጅባራ ከዚያም ይብሳል። ባሕር ዳር እንኳ በሚያዝያ ቀን ወደ 30 ቢጠጋም ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። እኛ ግን በር ዘግተን በመብራት ብርድ እንሠራለን።

አሠራሩ ቀላል ነው። በራኩ ፊት በኩል ባለው ግድግዳ ዝቅ ብሎ መግቢያ ክፈቱ። በራኩ ጀርባ በኩል ከፍ ብሎ መውጫ ክፈቱ፤ እዚያ ላይ የሚያስወጣ ፋን ግጠሙ። ሁለቱም ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ መዝጊያ ይኑር።

ፋኑ ምን ያህል ይሁን? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የሚያስፈልገው አየር በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ እንደሆነ ለማግኘት የሰርቨሮቹን ዋት በ3 አባዝቶ፣ በመግቢያና በመውጫ መካከል በሚፈቀደው የሙቀት ልዩነት ማካፈል የተለመደ ነው። ያ 3 ግን የባሕር ወለል ቁጥር ነው። ለባሕር ዳር 3.7፣ ለደብረ ማርቆስ 4 አድርጉት፤ አየሩ ስስ ነውና ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ብዙ አየር ይፈልጋል። በ6 ኪሎ ዋቱ ምሳሌያችን ልዩነቱን 10 ዲግሪ ብንወስድ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ በሰዓት 1,800 ሜትር ኩብ የሚበቃው ማርቆስ ላይ 2,400 ይሆናል። የሻጩን ሠንጠረዥ ብቻ አይቶ የገዛ ሰው አንድ አራተኛ ይጎድልበታል። ፊልተሩ አየሩን ስለሚይዘውም ፋኑ ያን ግፊት የሚችል መሆኑን አረጋግጡ።

መቆጣጠሪያው ከውጭ አንድ፣ ከራኩ አፍ አንድ ቴርሞስታት ይኑረው። ውጭው ከ20 በታች ሲሆን መዝጊያዎቹ ይከፈቱ፣ ኤሲው ይጥፋ። ከ22 ሲያልፍ ይዘጉ፣ ኤሲው ይነሳ። በመሀል ያለችው ሁለት ዲግሪ ማሽኑ በየደቂቃው እንዳይነሳና እንዳይተኛ ነው። ሌሊቱ በጣም ሲቀዘቅዝ ፋኑን ቀንሱት፣ ወይም ከጀርባው ሙቅ አየር ትንሽ ቀላቅሉበት፤ ሰርቨሩ አፍ ላይ ከ18 አይውረድ። በክረምት ደግሞ የጤዛ ነጥቡን፣ የአየሩ እርጥበት ወደ ውኃ ጠብታ የሚለወጥበትን ሙቀት፣ ተመልከቱ። ከ15 ዲግሪ ሲያልፍ ዝጉት። ባሕር ዳር፣ ጣና አጠገብ፣ በሐምሌና ነሐሴ ብዙ ቀን ሊዘጋ ይችላል፤ አትናደዱ፣ ከጥቅምት በኋላ ይክሳችኋል።

ፊልተር ላይ አትቆጥቡ። መጀመሪያ የነፍሳት ወንፊት፣ ቀጥሎ ሻካራ ፊልተር፣ መጨረሻ መርቭ 11 ወይም 13 የሚባለው ደረጃ። ስፋቱ ትልቅ ይሁን፤ አየሩ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ፋኑ አይደክምም። የመግቢያውን ቦታ ስትመርጡ ዞር ዞር ብላችሁ አሽትቱ። አዊ ውስጥ ከሆናችሁ የዲከረንስ ከሰል የሚከሰልበት ጭስ ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ። ዐውድማ ቅርብ ከሆነ ጤፍ ሲወቃ ብናኙን አስቡት። እኔ መጀመሪያ የሠራሁትን መግቢያ ያወጣሁት ወደ ጓሮ ነበር። ጓሮው ውስጥ ጄነሬተር አለ። መብራት በጠፋ በመጀመሪያው ቀን ሰርቨሮቹን የናፍጣ ጭስ አጠጣኋቸው። ግድግዳውን እንደገና ያስፈረስኩት በራሴ ወጪ ነው።

ስለ መብራት መጥፋት ካነሳሁ፦ ፋኑን ከዩፒኤሱ ጋር አገናኙት። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ሰርቨሮቹን ይዞ ይቀጥላል፣ ኤሲው ግን ይቆማል። ሰርቨሩ እየሠራ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ትንሽ ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል። ከኤሲ ጋር ሲነጻጸር ይህ ፋን የሚበላው ጥቂት ነው፤ ዩፒኤሱ ይችለዋል። ጄነሬተሩ አልነሳ ባለ ሌሊት ይህች ፋን ታድናችኋለች።

በውኃ ትነት ስለማቀዝቀዝም የሚጠይቁኝ አሉ። በበጋ አየራችን ደረቅ ስለሆነ ይሠራል። ግን ውኃው ይቋረጣል፣ ኖራው ይጋገራል፣ ትንኝ ይራባበታል። ለትንሽ ክፍል አልመክርም።

8. ደብተሩ

በሩ ላይ ደብተር በገመድ እሰሩ። በየሰኞው አምስት ነገር ይጻፍበት፦ የቆጣሪው ንባብ፣ የዩፒኤሱ ጭነት፣ የራኩ የላይና የታች ሙቀት፣ ኤሲው የተቀመጠበት ዲግሪ፣ ፊልተሩ የታጠበበት ቀን። አዲስ ሰርቨር ሲገባ ወይም ሲወጣ ከጎኑ ይመዝገብ፤ አለበለዚያ ብላንክ ፓነሉን ያወለቀው ሰው መልሶ አይሰካውም። የማርቆሶቹን ደብተር ባለፈው ስሄድ አገላበጥኩት። አንድ ሰኞ ላይ የላይኛው ሙቀት ከ24 ወደ 29 ዘልሏል። ሶፍቴን ይዤ ሄድኩ። ሁለት ፓነል ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ ጋቢውም እላዩ ላይ ተጣጥፏል።